የአባቴን ፈረስ የተሳልኩበት ጨዋታ

አፌ ከእኔ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ነኝ። ይህን የሚያውቁ ባልደረቦቼ ስብሰባ ላይ እጄን ገና ሳወጣ ይስቃሉ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደነገርኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ለራሴ ግን አንድ ቀን ሳልነግረው ቀረሁና፣ በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ጳጉሜ ሦስት ቀን፣ እንጅባራ ከተማ ውስጥ፣ ሰው አፍ ለአፍ በሞላበት የኳስ ማሳያ ቤት፣ የአባቴን ፈረስ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተሳልኩ።

የራሴን ፈረስ ብሳል ማንም ምንም አይለኝም ነበር። ችግሩ እኔ ፈረስ የለኝም።

ያን ጊዜ እንጅባራ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምራለሁ። ከባጃጅ መቆሚያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ወላጆቼ ግን በዘንገና ሐይቅ በኩል፣ ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ከምናምን በሚያስኬድ መንደር፣ ድንችና ገብስ የሚያመርቱ ገበሬዎች ናቸው። አባቴ አንድ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። ጉልበታቸው ከታመመ ዓመታት አልፎ ነበር፤ እሳቸው «ብርዱ ነው» ይላሉ፣ ሐኪሙ ሌላ ስም ሰጥቶታል። ስሙ ምንም ይሁን፣ ዳገት አይወጡም፣ ቁልቁለት አይወርዱም፣ በእኛ አገር ደግሞ ከሁለቱ ውጪ መንገድ የለም። ስለዚህ ለቅሶ የሚደርሱት በፈረሱ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት በፈረሱ፣ ባልና ሚስት የተጣላ ወይም ድንበር የተገፋ እንደሆነ ለሽምግልና የሚሄዱትም በፈረሱ ነው። ፈረሱ ባይኖር አባቴ ከግቢያቸው የሚወጡ ሰው አልነበሩም። ከመንግሥት ሰው ጋር በአማርኛ፣ ከፈረሱ ጋር በአገውኛ ነበር የሚያወሩት። የሚበዛው ወሬያቸው ደግሞ ከፈረሱ ጋር ነበር።

እንግዲህ ይህን ፈረስ ነው እኔ የተሳልኩት።

ለምን እንደተሳልኩ ለመናገር ስለ ብሔራዊ ቡድናችን ማውራት አለብኝ። አሁን ሳስበው ነገሩ እብደት ይመስላል፣ ያን ጊዜ ግን ቡድኑ የእኔ የግል ጉዳይ ነበር። ለተማሪዎቼ የአፍሪካ ዋንጫን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ እኛ መሆናችንን እነግራለሁ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን እንደበላን እነግራለሁ። ከዚያ ድምፄ እየቀነሰ ይመጣል። ለመጨረሻ ጊዜ የሄድነው በሰባ አራት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የለንም። ቤቱ ሲሠራ ምሰሶ ያቆመ ሰው፣ ቤቱ አልቆ ድግስ ሲደገስበት ከአጥር ውጭ ቆሞ እንደማየት ያለ ነገር ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ በትሕትና ዝም ይላሉ፣ በእረፍት ሰዓት ግን የሚከራከሩት ስለ እንግሊዝ ክለቦች ነው። የከተማው ባጃጆች ሁሉ የእንግሊዝ ክለብ ዓርማ ለጥፈው ይሄዳሉ። ስለ ዋልያዎቹ የሚያወራ ሰው ከተገኘ ወይ ሊስቅ ነው ወይ ሊያዝን። እኔ ደግሞ በሁለቱም እናደዳለሁ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ቡድናችንን በአፍሪካ ዋንጫ አይቼ አላውቅም። በሰባ አራት ገና አልተወለድኩም። የማስተምረው የሰማሁትንና ያነበብኩትን ነው። ላላየኸው ነገር ስትቆረቆር፣ ካየው ሰው የበለጠ ትጮኻለህ።

ጳጉሜ ሦስት ቅዳሜ ነበር። የሩፋኤል ዝናብ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ነበር የዋለው፣ ልጆች ራቁታቸውን ሲጠመቁበት ውለዋል። ማምሻውን ከሱዳን ጋር ካርቱም ላይ ተጫወትን። ያለፈ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ይሄዳል። ሦስት አግብተን አምስት ገባብን።

ጨዋታው እንዳለቀ ሰው ሁሉ ሊወጣ ተነሣ። ከፊቴ የተቀመጠው የፈረስ ደላላ ዞር ብሎ አየኝ። ይህ ሰው እንጅባራ ገበያ የሚሸጥ የሚለወጠውን ፈረስ ሁሉ የሚያውቅ፣ አባቴንም የሚያውቅ፣ ምላሱ ከእኔ የማይተናነስ ሰው ነው።

«መምህር» አለኝ፣ «ታሪክህ ዛሬም አምስት ገባባት።»

«ሦስት አግብተናል እኮ» አልኩት። «በሰው ሜዳ የገባ ጎል ዋጋ አለው። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ለባዶ ብናሸንፍ እናልፋለን።»

«ብናሸንፍ» አለና ሳቀ። አጠገቡ ያሉትም ሳቁ። «ሰላሳ ዓመት ሙሉ ብናሸንፍ እያልን አይደል?»

«ታያለህ፣ ያልፋሉ።»

«በአፍማ ማን ያንሳል? ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው። ካመንክ ተሳል።»

ሰውየው ይህን ያለው ሁሉም ሰው በሚለው መንገድ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር፤ በዚያ ላይ ፈረስ የሚለውን ቃል ሲሰማ አፌ ሌላ ፈረስ አላገኘም። አግዳሚው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። «ዋልያዎቹ ካለፉ፣ የአባቴን ዳማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ!» አልኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ደላላው ሳቁን አቆመና ለተሰበሰበው ሰው «ሰምታችኋል» አለ።

በዝናቡ ወደ ቤቴ ስመለስ ነው የሠራሁት ነገር የገባኝ። የእኛን አገር ለማያውቅ ሰው ቀላል ሊመስለው ይችላል፤ ነገ ሄዶ «ቀልዴን ነው» ማለት ነው እንዴ የሚከብደው? አዎ፣ ይከብዳል። ጊዮርጊስን ጠርቶ የተናገረ ሰው ቀልዴን ነው አይልም። በግ ተስሎ የከለከለው ሰውዬ ምን እንደደረሰበት የማያውቅ ልጅ በመንደራችን የለም፤ ታሪኩ እንደ ተራኪው ይለያያል እንጂ መጨረሻው አንድ ነው። ደግሞም ልጅ በአባቱ ቤት ንብረት የተሳለ እንደሆነ፣ ከፋዩ ቤቱ ነው። አባቴ ይህን ነገር ቢሰሙ ፈረሱን ሳያቅማሙ እንደሚያስረክቡ አውቃለሁ። የሚያስፈራኝም ይኸው ነበር።

ከዚያ ራሴን ማጽናናት ጀመርኩ። አያልፉም፤ ሁለት ለባዶ ቀላል አይደለም፤ ሰላሳ ዓመት ያላለፈ ቡድን ዘንድሮ በምን ተአምር ያልፋል? ይህን እያልኩ ጭቃውን ስረግጥ ድንገት ቆምኩ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ስለ እነዚሁ ልጆች ስከራከር የነበርኩ ሰውዬ፣ እንዳያልፉ እየተመኘሁ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሚባል ታሪክ አስተማሪ ሳይሆን ማንም ያውቀዋል።

ለዘመን መለወጫ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። አባቴ ግቢ ውስጥ ቆመው ፈረሱን በሣር እየወለወሉ በአገውኛ ያዋሩታል። እኔን ሲያዩ ሰላም አሉኝና ሥራቸውን ቀጠሉ። ፈረሱ ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኔን ሰበርኩ፤ እንስሳ ያወቀብኝ መሰለኝ። ቤት ስገባ እናቴ ምነው ከሳህ አለችኝ።

«ኳስ ነው እናቴ» አልኳት፣ ሌላ የምለው አጥቼ።

«ኳስ ያከሳል?»

«የእኛ ኳስ ያከሳል።»

እናቴ የከሳ ሰው ስታይ ሆዷ አይችልም፤ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ድንች ፊቴ አስቀመጠች። ምሳ እየበላን አባቴ ሰምቼባቸው የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ያ ቡድን መልሶ የሚጫወተው መቼ ነው?»

አባቴ ስለ ኳስ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። «ጥቅምት አራት፣ እሁድ» አልኳቸው።

«ከእኛ ሰው አለበት?»

ከአገው ምድር የሄደ ተጫዋች መኖሩን ነው የጠየቁኝ። አላውቅም ነበር፤ ያላወቅኩትን አላውቅም ማለት ደግሞ የማይሆንልኝ ነገር ነው። «ሁሉም የእኛ ናቸው» አልኳቸው። አባቴ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ኳስ አንድም ቃል አልወጣቸው። እኔም ልናገር የመጣሁትን ዋጥኩና ወደ እንጅባራ ተመለስኩ። መስቀልንም እንደዚሁ ሄጄ፣ እንደዚሁ ውጬ ተመለስኩ።

ጥቅምት አራት ደረሰ። ኳስ ማሳያ ቤቱ ገና ከቀትር ጀምሮ ሞልቶ ነበር። የእንግሊዝ ማልያ የለበሱት ልጆች በላዩ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ስካርፍ ጠምጥመው መጥተዋል፤ አንዱ ተማሪዬ እንዲያውም ማልያውን ገልብጦ ለብሶታል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት ስለ ራሳችን ቡድን የሚያፍር ሰው አልነበረም። ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። በደረሰ ጊዜ ግን ጥግ ይዤ እንደ ሌባ ተቀመጥኩ።

እስከ እረፍት ባዶ ለባዶ ነበር። እያንዳንዱ ሙከራ ሲከሽፍ ሕዝቡ «ኧረ!» እያለ ራሱን ይይዛል። እኔም ራሴን እይዛለሁ። ውስጤ ግን እፎይ ይላል። ኳሱ በማዕዘኑ አልፎ ሲወጣ አባቴን በፈረሱ ላይ አያቸዋለሁ፤ ለአንድ ዓመት፣ ለሁለት ዓመት፣ እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ስጸልይ አጠገቤ ያለው ሰውዬ አየኝና «በርታ መምህር፣ አብረን እንለምን» አለኝ። ሁላችንም አንድ ነገር የምንለምን መስሎታል። አፈርኩ፤ ግን ልመናዬን አላቆምኩም።

ከእረፍት በኋላ የመጀመሪያው ጎል ገባ። እንግዲህ የሰው ሰውነት አስገራሚ ነገር ነው፤ ጭንቅላቴ ፈረሱን እያሰበ እግሬ ዘልሎ ተነሥቶ ነበር። አጠገቤ ካለው ሰው ጋር ተቃቅፌ ስጮኽ ራሴን አገኘሁት። ሁለተኛው ብዙም አልቆየ። ያን ጊዜ ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ፤ አግዳሚ ተገለበጠ፣ አንድ ሽማግሌ መነጽራቸው ጠፋባቸው፣ ማንም አልፈለገላቸውም፣ እሳቸውም አልፈለጉትም። የቀረው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አላስታውስም። ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰዎች መጥተው ትከሻዬን መቱኝ። «መምህር አልቻለም፣ ልቡ ነው» ተባለልኝ።

ልቤስ ነበር። ግማሹ ደስታ ነበር፣ እውነተኛ ደስታ፤ ያላየሁትን ነገር ላየው ነውና። ግማሹ ግን ሌላ ነው። ደላላው በሰው መሐል ተጋፍቶ መጣና አቀፈኝ፤ በጆሮዬም «ሃያ ሦስት ሩቅ አይደለም» አለኝ። የወሩ ጊዮርጊስ ማለቱ ነው። ውጪ ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ በአስፋልቱ ይመላለሳሉ፤ ወጣቱ ሁሉ እየዘፈነ ነው። ሁሉም ሰው «ሰላሳ አንድ ዓመት» ይላል። ያስተማርኩትን የሚናገሩልኝ መሰለኝ።

ሃያ ሁለት ሐሙስ ነበር። ከእንግዲህ የሚዋጥ ነገር የለምና ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ወደ መንደሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር፤ ስለ ስእለት አጀማመር፣ ስለ ደላላው ተንኮል፣ ስለ ወጣትነት ግብታዊነት የተዘጋጀ ንግግር ነበረኝ። ግቢው ስገባ ግን ኮርቻው ተወልውሎ ፀሐይ ላይ ወጥቷል። ለትልቅ በዓል ብቻ የሚወጣው የልጓም ጌጥም አጠገቡ አለ። አባቴ ዱካ ላይ ተቀምጠው የኮርቻውን ቀበቶ በቅቤ ያሻሉ። ከፊታቸው ቆምኩና ንግግሬን ሁሉ ረሳሁት።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ፈረሱን ተስዬዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ለጊዮርጊስ።»

«አውቃለሁ። ለዘመን መለወጫ ገበያ ወጥቼ ደላላው ነገረኝ።»

ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ፈረሱን ሲወለውሉት፣ ባቄላ ሲቀልቡት፣ ስለ ቡድኑ ሲጠይቁኝ፣ ያውቁ ነበር። «ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?» አልኳቸው።

«አንተ እስክትናገር ነዋ። የተናገርከው አንተ አይደለህ?»

እናቴ ከቤት ውስጥ ሆና ትሰማ ነበር። «ምላሱን ትተህ ፈረሱን መስጠት ምን የሚሉት ነው» አለች አባቴን። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ቀበቶውን ተቀበልኳቸውና ማሸት ጀመርኩ። የሚገርመው ነገር፣ ጭንቀቱ ግማሽ በግማሽ ወረደልኝ። ፈረሱ መሄዱ አልቀረም፤ ግን ከእንግዲህ ብቻዬን አልያዝኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ተነሣን። ፈረሱን ጭነን፣ ጌጡን አሰርን። አባቴ የሚረግጡትን ድንጋይ አመጣሁላቸው። እሳቸው ግን ድንጋዩን አልፈው ልጓሙን ያዙ።

«አይወጡም?»

«የታቦት ንብረት ላይ እንዴት እቀመጣለሁ?» አሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፣ ግን ዳገት ነው። ለጤነኛ ሰው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እኛ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። አባቴ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በአንድ እጃቸው የፈረሱን ጋማ ይዘው፣ ጥቂት ይሄዱና ይቆማሉ። ፈረሱ ግራ ገብቶት እያንዳንዱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቆምላቸዋል፤ እንዲወጡበት ነው። ልሸከማቸው ብዬ ጠየቅኩ፤ ዱላቸውን ተክለው አለፉኝ። በሕይወቴ ብዙ ንግግሬን ተጸጽቼበታለሁ፣ ያን ዳገት ያህል ግን የትኛውም አላስከፈለኝም። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ፈረስ እየተጎተተ ባለቤቱ በእግሩ ሲያነክስ አይተው ምንድነው ይላሉ፤ አባቴም «ስእለት ነው» ይሏቸዋል፣ የማንም ሳይሉ።

የአባቴ የንስሐ አባት አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ናቸው። ከደጀ ሰላሙ ወጥተው ፈረሱን፣ ጌጡን፣ የአባቴን ላብ፣ የእኔን ፊት በየተራ አዩ። ደላላውም ነጠላውን አጣፍቶ ከሕዝቡ መሐል ቆሟል፤ ምስክር ነኝ ብሎ ነው የመጣው። አባቴ ልጓሙን አቀረቡ።

«ይህ ምንድነው?» አሉ ቄሱ።

«ስእለት ነው አባ።»

«ፈረሱ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«የተሳለውስ?»

ከአባቴ ቀድሜ «እኔ ነኝ» አልኩ።

ቄሱ ነገሩን ከመጀመሪያው እንድነግራቸው አዘዙኝ። ነገርኳቸው፤ አምስት ለሦስቱንም፣ በሰው ሜዳ የገባ ጎል ዋጋ እንዳለውም ሳይቀር። ስለ ጎሉ ስነግራቸው ሁለቴ አስደገሙኝ፤ የገባቸው አይመስለኝም። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ስማ ልጄ» አሏቸው። አባቴ ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። «ጊዮርጊስ የራሱ ፈረስ አለው። በሥዕሉም እንደምታየው ከእሱ ወርዶ አያውቅም። የአንተን ዳማ ወስዶ የት ያስቀምጠዋል?»

ሰዎች ሳቁ። አባቴ አልሳቁም። «አባ፣ በሕዝብ ፊት ተብሏል» አሉ። «ቤቴ ላይ ዕዳ አይደር።»

«በሕዝብ ፊት የተናገረው ማን ነው?»

«ልጄ ነው።»

«እንግዲያ ልጅህን እቀበላለሁ። የራሱን ያልሆነ ነገር ሰጠ፤ አሁን የራሱን ይስጥ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለህ?»

አሰብኩ። መጻሕፍት አሉኝ፣ አንድ ስልክ አለኝ፣ አንድ ማልያ አለኝ። «ምንም» አልኳቸው።

«ጉልበት አለህ» አሉ። «የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እየታጠረ ነው። ድንጋዩ ከወንዙ ይመጣል። እስከ ፋሲካ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ታመላልሳለህ። በፈረስ አይደለም፤ በትከሻህ።» ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ሕዝቡ አሻግረው ደላላውን ፈለጉት። «አንተም፣ ተሳል ያልከው አንተ ነህ አይደል? አብረኸው ታመላልሳለህ።» ደላላው አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። የመጀመሪያው ጊዜው ይመስለኛል።

ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው አባቴን አሳለሙ፣ እኔን አሳለሙ፤ በመጨረሻም የፈረሱን ግንባር ዳሰስ አደረጉት። «በእግዚአብሔር ስም ፈትቻችኋለሁ። ይዘኸው ግባ» አሏቸው አባቴን።

አባቴ ፊታቸውን ወደ ፈረሱ አንገት አዞሩ፤ ለፈረሱ የሆነ ነገር አሉት፣ አልሰማሁትም። እየተመለከትኳቸው ደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ከጳጉሜ ሦስት ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር የዚያን ቀን ነው የተነሣው። የድንጋዩን ነገር እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር የተቀበልኩት፤ ከሁለተኛው ቅዳሜ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ እንጂ።

እርካቡን ያዝኩላቸውና ወጡ። ቁልቁለቱን እኔ ልጓም እየሳብኩ፣ እሳቸው ኮርቻው ላይ ሆነው ወረድን። ያየን ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለህ» ይላቸዋል፤ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ወርዷል። አባቴ ባርኔጣቸውን እያነሡ ይመልሳሉ። ከሰው ራቅ ስንል የቀረኝ አንድ ነገር እንዳለ አስታወስኩ። ከተናዘዙ አይቀር ሁሉንም ነው።

«አባባ፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ» አልኩ፣ ወደ ኋላ ሳልዞር። «ያን እሁድ እንዲሸነፉ ስለምን ነበር። ለፈረሱ ብዬ።»

ፈረሱ ጥቂት ተራመደ።

«እኔ እንዲያሸንፉ ነበር የለመንኩት» አሉ።

ቆምኩ፤ ፈረሱም ቆመ። ዞሬ አየኋቸው። ፈረሳቸው እንደሚሄድባቸው እያወቁ ነው ይህን የለመኑት።

«በሰባ አራት» አሉ፣ «እናትህን ሳላገባት፣ ድንች በአህያ ጭኜ ዳንግላ ወርጄ ነበር። አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ሬዲዮ ተከፍቶ ሰው ተሰብስቧል። ሊቢያ ላይ እየተጫወቱ ነው። እኔ ያን ጊዜ አማርኛው በደንብ አይገባኝም፤ አንድ ሰውዬ በአገውኛ ይነግረኝ ነበር። ጎል አላገቡም። ሰውዬው ሲያለቅስ ለምን ታለቅሳለህ አልኩት። የእኛ ልጆች ናቸው እኮ አለኝ። አይዞህ፣ በሚቀጥለው ዋንጫ መጥተን አብረን እንሰማለን ብዬው ተለያየን።»

ልጓሙን በእጄ ይዤ ቆሜአለሁ። አባቴ ከላይ ሆነው ዘንገናን አሻግረው ያያሉ።

«ፈረስ እንደሆነ ይወለዳል» አሉ። «ሌላ ሰላሳ አንድ ዓመት ግን እኔ ከየት አመጣለሁ?»

ክፍል ውስጥ ያን ቁጥር ስንት ጊዜ በጠመኔ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ። የአንድ ሰው ዕድሜ መሆኑን፣ ያም ሰው አባቴ መሆናቸውን፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። በጥር የአፍሪካ ዋንጫው ሲጀመር ከተማ መጥተው አጠገቤ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው።

«መደገፊያ ያለው ወንበር ካገኘህልኝ እመጣለሁ» አሉኝ።